ደጋ ጣቢያ ለምትመደቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በየዓመቱ ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ ቦታ በሚቲዎሮሎጂ ትመረቃላችሁ። ከእናንተ መካከል ጥቂቶቹ ደጋ ይደርሳችኋል። ጓደኛችሁ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሲመደብ፣ እናንተ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት አምባ ላይ ትወጣላችሁ። ያን ጊዜ ስልክ ይደወልልኛል። «ጋሼ፣ እባክዎ ከዚህ የምወጣበትን መላ ይንገሩኝ» ይሉኛል።

የዝውውሩን መላ አላውቅም። የማውቀው የመቆያውን ነው። አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ጣቢያ ነው። ኦብዘርቨር ነበርኩ። ቴርሞሜትር አነብባለሁ፣ ዝናብ እለካለሁ፣ ደመና እመዘግባለሁ፣ ያገኘሁትን በሬዲዮ እልካለሁ። ሥራው ይኼው ነው። ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከባዱ ነገር ማንም በማያይበት ቦታ በየቀኑ ልክ አድርጎ መሥራቱ ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩትም እሱን ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ ብርዱ ላውራ፤ ያለሱ ሌላው አይገባችሁም።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አየሩም ይሳሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊት መለኪያው ባሮሜትር 1,013 ሚሊባር አካባቢ የሚያሳይ ከሆነ፣ 3,000 ሜትር ላይ 700 አካባቢ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ራሳችሁን ያማችኋል፣ ትንፋሽ ያጥራችኋል። አትሩጡ። ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምዳል። ውሃውም 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል እንጂ 100 አይደርስም። ባቄላ ጥዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ አይበስልም። ፕሬሸር ኩከር ይዛችሁ ውጡ፤ ምስጋናችሁን በኋላ እሰማለሁ። ጋቢ፣ ለክረምቱ ቦት ጫማ፣ ለከንፈር ቫዝሊን፣ ሰፊ ኮፍያ። ኮፍያው ለብርድ አይደለም። ቀን ቀን አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ አይሰማችሁም፤ ማታ መስታወት ስታዩ ግን ፊታችሁ ተልጧል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበላችሁ። አረቄ። «ብርዱን ለማባረር» ተብሎ በአንድ መለኪያ ይጀመራል። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣዋል፣ ስለዚህ የሞቃችሁ ይመስላችኋል፤ ሰውነታችሁ ግን ያለ የሌለ ሙቀቱን እየለቀቀ ነው። ብርድና ብቸኝነት ተደማምረው ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሲበሉ አይቻለሁ። ሻይ ጠጡ፣ አጥሚት ጠጡ፣ ጎረቤት ቤት ሂዱ።

አሁን ወደ ሥራው። የቀኑ ዋና ሰዓት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር (UTC) 06 ሰዓት ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ህንድ ያለው ኦብዘርቨርም፣ ኖርዌይ ያለውም፣ እናንተም የምታነቡት እኩል ነው። ትንበያ የሚሠራው ሰውዬ ካርታ ላይ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ትርጉም የሚሰጡት የአንድ ሰዓት ስለሆኑ ነው። 3 ሰዓት ከ20 ላይ ተነሥታችሁ የጻፋችሁት ቁጥር ለዚያ ካርታ የሌላ ሰዓት ነው።

የስክሪኑን፣ ማለትም ቴርሞሜትሮቹ የሚቀመጡበትን ሣጥን፣ በር ስትከፍቱ ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጉ። ደጋ ላይ ትንፋሽ ይጨሳል፤ እሱም ቴርሞሜትሩ ላይ ያርፋል። ዐይናችሁ ከሜርኩሪው ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ከፍ ወይም ዝቅ ብላችሁ ካያችሁ ቁጥሩ ይሳሳታል። መጀመሪያ አስረኛዋን አንብቡ፣ ሙሉውን ዲግሪ ቀጥሎ። የሰውነታችሁ ሙቀት ቀድሞ የሚያዛባው አስረኛዋን ነው። ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ አንዴ ድጋሚ እዩት። 12.4 የነበረውን 17.4 ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነው፤ የሚያዘውም በሁለተኛው እይታ ብቻ ነው። እርጥቡ ቴርሞሜትር ላይ የተጠቀለለችውን ጨርቅ እዩ። ደርቃለች? ቆሽሻለች? የቆሸሸች ጨርቅ ውሃ በደንብ አትስብም፣ እርጥበቱን ሁሉ ውሸት ታደርገዋለች። የተጣራ ውሃ ካለቀባችሁ ንጹህ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ፤ ደጋ ላይ እሱ አይቸግርም።

ከዚያ ዝናቡ። መለኪያ ብርጭቆውን ድንጋይ ላይ አታስቀምጡ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ይሁን። የውሃው ወለል መሃሉ ጎድጎድ ይላል፤ የሚነበበው የጎድጓዳው ሥር ነው። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ በሄክታር 10,000 ሊትር። በረዶ ሌሊት ወርዶ መለኪያው ውስጥ ከተጋገረ እሳት ላይ አታስጠጉት፣ ከፊሉ ይተንናል። ለብ ያለ ውሃ ለክታችሁ ጨምሩበት፣ ይቅለጥ፣ ጠቅላላውን ለኩና የጨመራችሁትን ቀንሱ። ካፊያ ጥሎ ብርጭቆው ውስጥ ለመለካት የማይበቃ ጠብታ ብቻ ካለ ዜሮ አይባልም፤ «ትሬስ» ተብሎ ይጻፋል።

ዜሮን ካነሣሁ ዋናው ጉዳዬ ላይ ደረስኩ ማለት ነው።

መዝገቡ ላይ ዜሮ እና ባዶ ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዜሮ ማለት ሄጃለሁ፣ ከፍቼ አይቻለሁ፣ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው። ባዶ ማለት አላየሁም ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያሳምር ዋጋ የለውም።

እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ሐምሌ ነው። ጉሙ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ አጥሩ እንኳ አይታይም። ትኩሳት ይዟችኋል። ጠዋት አልተነሣችሁም። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ስትገልጡ ያቺ ባዶ ሳጥን ታፈጥባችኋለች። ትናንት 14.2 ነበር፣ ከትናንት ወዲያ 11.6። «ዛሬም ያው ነው» ትላላችሁ። 13 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ማን ያያል? ተቆጣጣሪ በመንገድ ምክንያት እስከ መስከረም አይመጣም።

አታድርጉት። ባዶውን ባዶ ተዉት። ምርመራ የሚለው ቦታ ላይ «ታምሜ አልተነበበም» ብላችሁ ጻፉ። በማግስቱ መለኪያው ውስጥ ያለው የሁለት ቀን ውሃ ነው፤ ለሁለት አካፍላችሁ አትሙሉት። ጠቅላላውን ጻፉና የሁለት ቀን ድምር መሆኑን አስታውቁ። ማዕከል ያለው ባለሙያ የጎደለውን ከአጎራባች ጣቢያዎች ጋር አስተያይቶ መገመት ይችላል፤ መገመቱንም ያውቀዋል። እናንተ በልብ ወለድ የሞላችሁትን ግን እንደ እውነት ይወስደዋል። የጎደለ ነገር ይታከማል፤ የውሸት ቁጥር ግን በሽታ መሆኑ እንኳ አይታወቅም።

የሚታወቅበትም ጊዜ አለ። ሰው ከራሱ ቁጥር ሲፈጥር 0 እና 5 ይወድዳል። የአንድ ጣቢያን መዝገብ ሰብስባችሁ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ብትቆጥሩ፣ ሰማይ ያወረደው ዝናብ አሃዝ አይመርጥም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የተጻፈው ይመርጣል። ይህን የሚያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሲያዩም አንዷን ቀን ብቻ አይደለም የሚጥሉት። ጣቢያውን በሙሉ ይጠራጠሩታል። ከእናንተ በፊት በብርድ ተንቀጥቅጠው የሠሩት ሰዎች ልፋትም አብሮ ይሄዳል።

በሬዲዮ «በመጪው ክረምት ከመደበኛ በታች ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል ትሰማላችሁ። መደበኛ የሚባለው ከየት መጣ? ከ30 ዓመት መዝገብ ነው። አሁን ዓለም የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። እያንዳንዱ ቀን ወጥቶ ያነበበ ሰው አለው። ገበሬው ጤፍ ልዝራ ወይስ ሽምብራ ብሎ የሚወስነው፣ ግድብ ላይ ያለው መሐንዲስ በሩን ልክፈት ወይስ ልዝጋ የሚለው ዞሮ ዞሮ ከዚያ መዝገብ ጋር ነው የሚገናኘው። የናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ያ ውሃ መሬት ሲነካ አጠገቡ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ።

ከሌላ አገር አንድ ታሪክ ላንሣ፤ በጣም የምወድደው ስለሆነ ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዋሽንግተን የሚባል ተራራ አለ። 1,917 ሜትር ነው፣ ከእኛ ደጋ አንጻር ከፍታው ምንም አይደለም። ነፋሱ ግን ሌላ ነው። ጫፉ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ሰው የሚኖርበት የአየር ሁኔታ ጣቢያ አለ። በኤፕሪል 1934 ሳልቫቶሬ ፓልዩካ፣ አሌክስ ማኬንዚ እና ዌንዴል ስቲፈንሰን የሚባሉ ኦብዘርቨሮች ተረኛ ነበሩ። ኤፕሪል 12 ሌሊት ስቲፈንሰን መሣሪያው የሚያሳየው ፍጥነት ከውጭው ጩኸት ጋር አልገጥም አለው። የነፋስ ፍጥነት መለኪያው፣ አኔሞሜትሩ፣ ላይ በረዶ እንደተጋገረ ገባው። ዱላ ይዞ በዚያ ነፋስ ውስጥ ጣሪያው ላይ ወጣና በረዶውን ቀጥቅጦ አራገፈ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ 372 ኪሎ ሜትር በሰዓት መዘገቡ። በዓለም ተለክቶ የማያውቅ ነፋስ ነበር።

የዱላው ነገር ብዙ ሰው ይማርከዋል። እኔን የሚማርከኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፓልዩካ መዝገቡ ላይ እንደጻፈው መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ ሰው ያምነናል ወይ የሚል ነበር። ሰዓት አያያዙ ልክ ነበር? ዘዴው ልክ ነበር? መሣሪያው በኋላ ተመረመረ፣ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥሩም ከ60 ዓመት በላይ ክብረ ወሰን ሆኖ ኖረ። የኖረው ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሌሊት ላይ መሣሪያው ያሳየውን ዝቅተኛ ቁጥር ዝም ብሎ ገልብጦ ያልተኛ ሰው ስለነበረ ነው።

ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ቤን ኔቪስ የሚባል ተራራ አለ። እዚያ ጫፍ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1904 በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም፣ ይነበብ ነበር። ገንዘብ አጠረና ተዘጋ። መዝገቦቹ ግን ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች እነዚያን ገጾች ቁጥር በቁጥር ኮምፒውተር ላይ አስገቧቸው። እስቲ አስቡት፤ በነፋስ መሃል፣ በቀዘቀዘ ጣት የተጻፈ 7 ከ100 ዓመት በኋላ የማያውቀው ሰው ያነብበዋል። ስለዚህ እባካችሁ ጽሑፋችሁ ይነበብ። 1 እና 7፣ 4 እና 9 ይለዩ። ስትሰርዙ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ የድሮው ቁጥር ይታይ። ፍሉድ አትቀቡ።

በዚያው ቤን ኔቪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1894 መስከረም ቻርልስ ዊልሰን የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ለሁለት ሳምንት ያህል ተተክቶ ሠርቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከኋላው ሆና ጥላው ጉም ላይ ሲያርፍ፣ በጥላው ዙሪያ ባለ ቀለም ቀለበት አየ። አልረሳውም። ቤተ ሙከራ ገብቶ ደመናን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ለመሥራት ሞከረ። ከዚያ ሙከራ ዐይን የማያያቸውን ቅንጣቶች መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘበት። የእኛም አገር ገደል አፋፍ ላይ፣ ከቆላው የመጣው ጉም ከበታች ሲተኛና ፀሐይ በጀርባችሁ ስትሆን ያንኑ ቀለበት ልታዩ ትችላላችሁ። ፎርሙ ላይ ሳጥን የለውም። ምርመራ የሚለው ቦታ ላይ ጻፉት። የተለየ ደመና፣ ያለ ወቅቱ የመጣ ወፍ፣ ጅብራው ያበበበት ቀን፣ ሁሉንም ጻፉ። ሰማዩን ስምንት ቦታ ከፍላችሁ ስንቱን ደመና እንደሸፈነው ብቻ መዝግባችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። ቀና ብላችሁ ቆዩ።

አሁን ስለ ሰው። ጣቢያው የብቻችሁ አይደለም። የሳሩን አጥር የሚጠብቅላችሁ ጎረቤት ነው። ከብት አጥሩን ታክክበታለች፣ ጭላዳ ሣሩን ትነጫለች፣ ልጆች መለኪያው ውስጥ ጠጠር ይጥላሉ። ልጆቹን አትቆጧቸው፣ ጥሯቸው። ውሃውን በብርጭቆ ሲለኩ ያየ ልጅ ሁለተኛ ጠጠር አይጥልም፤ የሚጥለውንም ይይዝላችኋል። ዕቃው ዝናብ ይከለክላል ወይ ብለው የሚጠይቁ ትልልቅ ሰዎችም ያጋጥማችኋል። በትዕግሥት አሳይዋቸው። ጥያቄውን የሚጠይቁት እህላቸው ስለሆነ ነው።

አንድ ኅዳር ምሽት አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ዛሬ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል?» አሉኝ። የ12 ሰዓቱን ንባብ ገና መጨረሴ ነበር። «አባባ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም፣ አየሩም ደረቅ ነው። ይወርዳል ብዬ እፈራለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና «ረባዳውን ነው መጀመሪያ የሚመታው፤ የአባቴ መሬት እዚያ ስለሆነ አውቀዋለሁ» አሉ። ልክ ናቸው። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅቃል፣ የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስክሪኑ ውስጥ 3 ዲግሪ እያለ መሬቱ ላይ ውርጭ ሊነጣ ይችላል። ትምህርት ቤት የተማርኩትን እሳቸው ከአባታቸው መሬት ተምረውታል። ያን ሌሊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ የድንች ችግኙን ገለባ አለበሰው። እኔም አብሬ ገለባ ተሸከምኩ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ንባቤን ስጨርስ ጎራ ብዬ እነግራቸው ነበር። መሥሪያ ቤት ይህን አድርጉ ብሎ አያዝዛችሁም። አድርጉት። ቁጥሩን አዲስ አበባ ልካችሁ አጠገባችሁ ያለ ገበሬ ሳይሰማው ከቀረ ያሳዝናል።

መብረቅ ላይ ጀግንነት የለም። ነጎድጓዱ ከቀረበ የብረት ምሰሶውን አትንኩ፣ አኔሞሜትሩ ሥር አትቁሙ። ንባቡ ካለፈ ይለፍ፤ ምክንያቱን ጻፉ። ዕረፍት ላይም ዝም አትበሉ። ምትክ ሳይመጣልኝ ፈቃዴ ያለፈበት ዓመት ነበር፤ ስልክ ደውዬ ዝም ነበር የምባለው። በጽሑፍ ስጠይቅ ግን መልስ መጣ። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውን አስቀምጡ። ያንን የዋሽንግተን ተራራ ጣቢያ ዛሬ የሚሠሩት ልጆች በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። የደከመ ሰው ጥሩ አያነብብም፤ ስለዚህ ዕረፍታችሁን መጠየቃችሁ የሥራው አካል ነው።

«አውቶማቲክ ጣቢያ እየመጣ ነው፣ እኛ ምን እንሠራለን?» የምትሉኝም አላችሁ። ይምጣ። ሌሊት ለሌሊት ሳይተኛ በየ15 ደቂቃው የሚያነብብ መሣሪያ ጠላት አይደለም። ግን ዝናብ መቁጠሪያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ባልዲ በቅጠልና በሸረሪት ድር ስትዘጋ፣ መሣሪያው ያለ ኀፍረት ዜሮ ይልካል። ያችን ዜሮ «ይህ ዜሮ ሳይሆን ባዶ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። የዋሽንግተን ተራራን ክብረ ወሰን የሰበረው አውስትራሊያ፣ ባሮው ደሴት ላይ ያለ አውቶማቲክ መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አውሎ ነፋስ ሲያልፍ 408 ኪሎ ሜትር በሰዓት መዘገበ። ቁጥሩ ግን ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሰዎች ተቀምጠው እስኪመረምሩት ድረስ ያ ሁሉ ዓመት አለፈ።

የተከታታይ መዝገብ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ማየት የሚፈልግ የሃዋይን ማውና ሎዋ ይመልከት። ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 እዚያ ተራራ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት ሲጀምር ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 313 አካባቢ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ዓለም አየሩ እንደተለወጠ በቁጥር ያወቀው ከዚያ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እሳተ ገሞራው ፈንድቶ መንገዱንና መብራቱን ሲቆርጠው፣ ሠራተኞቹ አጎራባች ተራራ ላይ ልኬት ጀመሩ። መስመሩ እንዳይቋረጥ ነው።

እናንተም አንድ ቀን ትዛወራላችሁ። ያኔ ቁልፉን ለጥበቃ ሰጥታችሁ አትሂዱ። የሚተካችሁን ልጅ ጠብቁት። ቢያንስ ጥቂት ቀን አብራችሁ አንብቡ፤ አንዳችሁ የሌላችሁን ሳታዩ ጻፉና አስተያዩ። የአስረኛ ልዩነት በየቀኑ ከመጣ ምክንያቱን ፈልጉ። አጠገቡ የበቀለው ባሕር ዛፍ መለኪያውን ጋርዶት ከሆነ፣ አዲስ የተሠራው የቆርቆሮ ቤት ሙቀት እያንጸባረቀ ከሆነ፣ መለኪያው በአንድ ወቅት ሦስት ሜትር ወደ ምሥራቅ ተዛውሮ ከሆነ፣ ቀኑን ጨምራችሁ በጽሑፍ ተዉለት። የትኛው ጎረቤት ወተት እንደሚሸጥ፣ የትኛው መንገድ በነሐሴ እንደማይታለፍ፣ የትኛው ልጅ መለኪያውን እንደሚጠብቅም ንገሩት። ፕሬሸር ኩከሩንም ተዉለት።